ውኃ የቀየሰው ጎዳና

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወጋችሁ ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ ስለሚወስደው ኢንተርስቴት 15 ስለተባለው፣ ክፍላተ ግዛትን ስለሚያገናኝ አውራ ጎዳና ነው። እኛ እዚህ ያለነው ሐበሾች ለሰርግም ለክርስትናም የምንመላለስበት፣ 435 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ አብዛኛው የሞሃቪን በረሃ የሚያቋርጥ መንገድ ነው። ለዓመታት መሐንዲሶች በማስመሪያ ያሰመሩት ይመስለኝ ነበር።

አንድ የሐምሌ ቀን ግን ቤከር ከምትባለው የበረሃ ከተማ በላይ ባለው ዳገት ላይ መኪናዬ ፈላች። ቤከር ከባሕር ወለል በላይ 280 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን፣ ማውንቴን ፓስ የሚባለው ከፍታ 1,440 ሜትር ይጠጋል፤ ሞተራችሁ እንዳይግል ኤሲ አጥፉ የሚለውን ምልክት አይቼ ችላ ብዬው ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ እንፋሎቱ እስኪበርድ ስጠብቅ፣ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱት አብረውኝ የተሳፈሩ ጋሼ፣ «ልጄ፣ የሚቀጥለው ውኃ የት ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የመንገዱ ታሪክ የዚያ ጥያቄ ታሪክ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 አንቶኒዮ አርሚሆ የተባለ ሲራራ ነጋዴ፣ 60 ያህል ሰዎችንና 100 በቅሎዎችን አስከትሎ፣ የኒው ሜክሲኮ የሱፍ ብርድ ልብስ ጭኖ ወደ ካሊፎርኒያ ተነሣ። በቅሎ የተጠማ እንደሆነ ንግዱም ስለሚቀር፣ ጉዞው ከምንጭ ወደ ምንጭ ነበር። ላስ ቬጋስም በስፓኝኛ ጨፌዎች ማለት ነው፤ ስሙ የወጣው ከመሬት ይፈልቅ ከነበረው ውኃ ነው።

በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የአውራ ጎዳናዎቹን ሕግ ፈርመው የፌዴራል መንግሥት የኢንተርስቴት መንገዶችን ወጪ 90 በመቶ ሲሸፍን፣ መሐንዲሶች መንገዱን አቀኑት። የቀደመው መንገድ ከቪክተርቪል እስከ ባርስቶው፣ አብዛኛው ውኃው ከአሸዋ ሥር የሚሄደውን የሞሃቪ ወንዝ ተከትሎ ይጠማዘዝ ነበር፤ አዲሱ ወንዙን ትቶ በአቋራጭ ሄዶ ባርስቶው ላይ መልሶ ያገኘዋል። ከቤከር ወዲያ ደግሞ የሲራራውን ዱካ ፈጽሞ ይተወዋል። ይህን ያስቻለው፣ በእኔ ግምት፣ መኪና ውኃውን በሆዱ ይዞ መሄዱ ነው፤ የእኔዋ ያን ቀን አልያዘችም እንጂ። ከላስ ቬጋስ ማዶ፣ በአሪዞና፣ ግን መንገዱና የቨርጂን ወንዝ በአንድ ጠባብ ገደል ውስጥ ይጋፋሉ፤ ያ ክፍል የተከፈተው በ1973 ነው።

እኛስ? አንድ ከባድ መኪና ነጂ ሁለት ጋሎን ውኃ ሰጥቶን ራዲያተሩን ሞላንና ሙሽሮቹ ኬክ ከቆረሱ በኋላ ደረስን። በማግስቱ ጋሼ ጨፌውን ለማየት ፈለጉ። ምንጮቹ ግን ከተማው ውኃውን ከምድር ሥር በፓምፕ ሲስበው ኖሮ በ1962 መፍሰስ አቁመዋል፤ የዛሬው የላስ ቬጋስ ውኃ በአብዛኛው የሚሳበው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ከሚድ ሐይቅ ነው።