ብዙ ናቸው፣ ኤስ ግን የላቸውም

ሰላም ሰላም። ዶሮውን ሰማችሁት አይደል? አዎ፣ ያው ነው፣ አልታረደም። ጎረቤቴ ለገና ብላ ነበር፣ ገና አለፈ፣ አሁን ለፋሲካ እያለች ነው፣ እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። ባለፈው ላየው እሄዳለሁ ስላልኳችሁ የዓባይ ጉማሬ ለምትጠይቁኝም፣ አላየሁትም። ዓባይ ድልድይ ላይ ግማሽ ቀን ቆሜ አላየሁትም። እንለፈው።

ዛሬ የማወራው... እ... ስለ አንዲት ጭረት ነው። አትሳቁ። አፖስትሮፊ፣ እንግሊዝኛ ላይ ከፊደል ጎን ከላይ የምትሰቀለዋ። እንግሊዝኛ የማስተምራቸው አምስተኛ ክፍሎች «የተሰቀለችው ኮማ» ይሏታል፣ እኔም አሁን አሁን እንደዛ ነው የምጠራት።

ፋይናል ላይ ያወጣኋት ጥያቄ ቀላል ነበረች። «የልጆቹ ታንኳ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ። ታንኳ ያልኩት ለጣና ልጅ ቶሎ እንዲገባው ነው፣ ደሴቷ ደብረ ማርያም በታንኳ ያልተሻገረ የለማ። እና እሷ፣ ያቺ መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው ተማሪዬ፣ ቺልድረን ብላ ጻፈች፣ ጭረቷን ሰቀለች፣ ከዛ ኤስ አስከተለች። ኤክስ ሰጠኋት። በቀይ።

ወረቀት ስመልስ ይዛው መጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ለምን ኤክስ ሆነ?» «ብዙ ሲሆኑ ጭረቷ ከኤስ በኋላ ናት ብያችኋለሁ» አልኳት። ወረቀቱን አየችው። እኔን አየችኝ። «ብዙ ናቸው እኮ ቲቸር። ኤስ ግን የላቸውም።»

እዚህ ጋ ነው የምመለሰው። ሰማኋት እኮ። ያልሰማሁ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰምቻት፣ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ሸርተት ብሎ፣ ግን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ከኋላዋ ሌላው «ቲቸር ደምርልኝ» ይላል፣ አንዱ የአንዱን ወረቀት ቀድዷል፣ እና «ሂጂ ተቀመጪ» አልኳት። ሄዳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ አላኮረፈችም። ብታኮርፍ ይሻለኝ ነበር።

እንዴት እንደማስተምራት ልንገራችሁ። እኛ «የ» ፊት ላይ ናት፣ የልጁ ደብተር፣ የአባቴ በግ። እንግሊዝ ጋ «የ» ጅራት ሆና ነው የምትመጣው፣ የባለቤቱ ስም መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ኤሷን ደብተሩ ላይ ይለጥፏታል፣ ደብተሩ የልጁ ባለቤት ይሆናል። እሷን አስለቅቄያቸዋለሁ፣ በዛ እኮራለሁ። ቀጥሎ ለማቅለል ብዬ «አንድ ከሆነ ከኤስ በፊት፣ ብዙ ከሆነ ከኤስ በኋላ» አልኩ። በዜማ አስባልኳቸው። ዜማዋ ታምራለች፣ ስህተት ናት እንጂ። የሚታየው ብዛቱ አይደለማ! የቃሉ መጨረሻ ነው። ብዙ ሆኖ በኤስ ካለቀ ጭረቷን ከኤሱ በኋላ ሰቅሎ መተው፣ ብዙ ሆኖ በኤስ ካላለቀ፣ እንደ ቺልድረን፣ እንደ ሜን፣ እንደ ዊሜን፣ ጭረቷና ከዛ ኤስ። ልጅቷ ያለችኝ ቃል በቃል ይሄንን ነው። በሰባት ቃል።

ያወቅኩት እንዴት መሰላችሁ። ማታ የእህቴ ልጅ አተኮሳት፣ ሽሮፕ ገዝቼ መጣሁ፣ በስልክ መብራት (መብራት ሄዷል፣ ምን አዲስ ነገር አለ) ስንት ማንኪያ እንደሚሰጥ ላነብ ካርቶኑን ሳዞረው፣ ቺልድረን፣ ጭረት፣ ኤስ። በትልቁ ተጽፎ። እህቴ «ምን ሆንክ፣ ጊዜው አልፎበታል እንዴ?» ትለኛለች። አዎ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ከዛማ እንቅልፍ የለም። ራሴን ላጽናና የተሳሳተ ሰው ስፈልግ አደርኩ። አገኘሁ! እ.ኤ.አ. በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ «የእሱ» ለማለት ኢትስ የሚለው ላይ ጭረት ተሰቅሎበታል። ዛሬ አምስተኛ ክፍል ብትጽፉት ኤክስ ነው፣ ጭረት ያለው «ኢት ኢዝ» ስለሆነ። ደግሞ በዛ ዘመን እንደዛ መጻፍ የተለመደ ነበር፣ ስለዚህ ስህተት ነው ማለትም ያስቸግራል፣ ማጽናኛዬም እዛው ሞተች። ቺልድረንም ራሱ የድሮ ነገር ነው፣ በሬዎችን ኦክሰን እንደሚሉት፣ በኤን የሚበዙ የነበሩ ቃላት ቅሪት።

የማሳጠሩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ዱ ኖት ዶንት ሲሆን አንዲት ኦ ወደቀች፣ በቦታዋ ጭረት ቆመች። እንግሊዝ ፊደል ሲሞትበት ድንኳን ይጥላል። እኛ «የአባቴ»ን «ያባቴ» እንላለን፣ «የአንተ»ን «ያንተ»፣ አ እልም ይላል፣ ማንም ልቅሶ አልደረሰም። ይሄን ክፍል ውስጥ ስናገር በጣም ይስቃሉ። ቀጥሎ አንዱ «ዊል ኖት ለምን ዊልንት አልሆነም፣ ዎንት እንዴት መጣ?» ይላል። ድሮ ዊልን «ዎል» የሚሉ ነበሩ፣ ዎንት ከሱ ነው። ይሄን የመሰለ ነገር አውቃለሁ እኮ! ዎንት ከየት እንደመጣ አውቄ ቺልድረን ላይ... ተዉት።

ካርድ የተሰጠ ቀን። አባቷ መጡ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሁለተኛ ወጥታለች፣ በግማሽ ነጥብ። እኔ የቆረጥኩት አንድ ነጥብ ነው። አባቷ ካርዱን ገልበጥ አድርገው «ቲቸር፣ እንግሊዝኛ ላይ ምን ጎደላት?» አሉኝ። በቁጣ አይደለም፣ እቤት ሊረዷት ፈልገው ነው። እኔ ምን አልኩ? «ትንሽ ጥንቃቄ ይጎድላታል፣ ይምከሯት» አልኳቸው። ጥንቃቄ! እሷ አጠገባቸው ቆማለች፣ ጫማዋን ታያለች። እሺ ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልን ብለው በፌስታል ዓሣ ሰጡኝ።

በላሁት። ምን ላድርግ፣ ዓሣ አያድርም። ተጠብሶ፣ በሎሚ፣ በጣም ይጣፍጥ ነበር፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

በዛን ሰዓት አውቅ ነበር ወይ? አውቅ ነበር። ሽሮፑ ከካርዱ በፊት ነው። አራት ቀን በፊት።

አርመው ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ሮስተር ተዘግቷል፣ ግን እሱ ሰበብ ነው፣ ስም ጠሪዋን ብለምናት ትከፍትልኛለች። ችግሩ አንደኛ የወጣው ልጅ ነው። እሱ ጭረቷን ከኤስ በኋላ ነው የሰቀላት፣ እኔ ራይት ሰጥቼዋለሁ። ላርም ካልኩ ከሱ ላይ መቀነስ ሊኖርብኝ ነው። እሱ ደግሞ ምን አጠፋ? ያስተማርኩትን ነው የጻፈው፣ ዜማዋን እየዘፈነ። ለሁሉም ነጥቡን ልስጥ? ያኔ ግማሽ ነጥቧ ተስተካከለች፣ እሷ ትበልጣለች፣ እሱ ሁለተኛ... እሱም ሊጠይቀኝ ይመጣል፣ «ቲቸር ምን አጠፋሁ?» ይለኛል። ወይ ደግሞ ማንም አይጠይቅም። እሱ ነው የሚብሰው መሰለኝ። አላውቅም።

ትናንት ዳር ዳሩን ስሄድ፣ ከዘንባባዎቹ ስር፣ አንድ የሕፃናት ልብስ መሸጫ ታፔላ አየሁ፣ ቺልድረን የሚለው ላይ ጭረቷ ከኤስ በኋላ ተሰቅላለች። ቆምኩ። የኔ ተማሪ ይሆን የጻፈው አልኩ፣ ቆጠርኩ፣ አስራ አንድ ዓመት ነው እኮ ያስተማርኩት፣ ይሆናል፣ ለምን አይሆንም...

ሰኞ ሁለተኛው ሴሚስተር ይጀመራል። ዜማዋን ቀይሬያታለሁ፣ «መጨረሻውን እይ» የሚል አድርጌያታለሁ፣ ግን ቤት አትመታም። ለልጅቷ ግን... መጀመሪያ ለሷ ብቻዋን ልንገራት ብዬ ነበር። ከዛ ደግሞ ለብቻ መንገር ምን ይባላል፣ ኤክሱን ሁሉም ፊት... ቆይ ይሄ ዶሮ አሁንስ...