ጠማማዎቹን ጠብታዎች ለምን ሰቀልኳቸው

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

በስተግራ ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት የውሃ ጠብታ ፎቶግራፎች ሰቅያለሁ። ጠብታ ውሃ ላይ ስታርፍ ዙሪያዋን የሚነሣውን ቅርጽ የውሃ ዘውድ እንለዋለን። ስትገቡ አንዳንዶቻችሁ በትሕትና ጠይቃችሁኛል፦ «ይህ የውሃ ዘውድ ለምን ወደ አንድ ወገን አዘነበለ? የተስተካከለ አልነበረሽም?» ነበረኝ። ቤት ትቼው መጣሁ። ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ግን ወደ ወጥ ቤቴ ልውሰዳችሁ።

ሁሉም የተነሡት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በአንዲት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። እናቴ የመጀመሪያውን ምሽት ቆማ አይታኝ፣ «ሰው በጀሪካን የሚሸከመውን ውሃ አንቺ ትጫወቺበታለሽ?» አለችኝ። ደግነቱ ሥራው ከሁለት ሊትር በላይ አይፈልግም። ያው ውሃ ማታውን ሙሉ እየተመላለሰ ይንጠባጠባል።

ጠብታውን የማወርደው ከፋርማሲ በገዛሁት የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ነው። ለበሽተኛ የተሠራችው ትንሿ መቆጣጠሪያ ለእኔም ታዛዥ ናት። ስጀምር በመርፌ የተበሳ ፌስታል አንጠልጥዬ ነበር፤ እሱም ይሠራል፣ ቀዳዳው እየሰፋ ትዕግሥት ያስጨርሳል እንጂ። ከሥር ጥቁር ትሪ አስቀምጬ ጠርዙ በፎቶው እንዳይታይ እስከ አፉ እሞላዋለሁ። ለቆዳችን ከምንቀባው ግሊሰሪን ጥቂት ስጨምርበት ውሃው ወፈር ይላል፤ የሚነሣው ቅርጽም ቶሎ አይበታተንም።

ትንንሽ ነገሮችን ከቅርብ የሚያነሣው ማክሮ ሌንስ ነገሩን በትክክለኛ መጠኑ ሲያነሣ፣ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 11 አጥብበነው እንኳ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከ1 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ትንሽ ራቅ እላለሁ። ጠብታዋ በምታርፍበት ቦታ ላይ እስክሪብቶ አቁሜ፣ በጫፉ ላይ ፎከሱን በእጄ አስተካክዬ፣ እስክሪብቶውን አነሣለሁ። ከዚያ በኋላ ሌንሱን የሚነካ ሰው ከእኔ ጋር ተጣላ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፍላሹ ልምጣ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውሃውን የሚያቆመው የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት ይመስለናል። እስኪ እናስላው። ከ40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የወደቀች ጠብታ ውሃው ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ በሴኮንድ 2.8 ሜትር ያህል ነው። ብዙ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር በሚግባቡበት በሴኮንድ 1/200ኛ ጊዜ ውስጥ 14 ሚሊ ሜትር ትጓዛለች። እሷ ራሷ ግን ስፋቷ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የምታገኙት ክር እንጂ ጠብታ አይደለም። ካሜራ ላይ የሚሰካውን ትንሽ ፍላሽ ወደ 1/64ኛ አቅሙ ስታወርዱት ግን ብልጭታው የሚቆየው በሴኮንድ 1/20,000ኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ጠብታዋም ከ0.14 ሚሊ ሜትር አታልፍም። አቅሙ ሲቀነስ የሚያጥረው የብርሃኑ ዕድሜ ነውና ፍላሹ በደከመ ቁጥር ይፈጥናል። ክፍሉ ከጨለመ መዝጊያው በር ከመክፈት ያለፈ ሥራ የለውም።

ብልጭታውንም ወደ ውሃው አታነጣጥሩት። ውሃ መስተዋትም ሌንስም ነው፤ የፍላሹን ፊት መልሶ ያሳያችኋል። ከኋላ ያለውን ባለቀለም ወረቀት አብሩበት፣ ውሃው ቀለሙን ራሱ ይለብሳል። በስተቀኝ ጫፍ ባለው ፎቶግራፍ ውስጥ ተንጠልጥላ የምትታየው ጠብታ በሆዷ የያዘችው የእናቴን ነጠላ ጥለት ነው፤ ተገልብጦ።

ጠብታዋ ስታርፍ መጀመሪያ ዘውዱ ይነሣል። ከዚያ ጉድጓዱ ይደፈንና ከመካከሉ የውሃ ዓምድ ሽቅብ ይወጣል። ሁለተኛ ጠብታ በዚያ ዓምድ አናት ላይ ከደረሰች ጃንጥላ ትዘረጋለች። ይህን በዓይኔ አይቼ ተኩሼ አላውቅም፤ የጠብታውን ድምፅ ምት ተከትዬ ነው የምጫነው። በአንድ ምሽት ሦስት መቶ አንሥቼ አሥር ከተረፈኝ እርካታዬ ነው።

ወደ ጠማማዎቹ ልመለስ። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ አርተር ወርዚንግተን ይህንኑ ሥራ የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1870ዎቹ፣ ያለ ካሜራ ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ ጠብታ ይጥላል፤ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ለቅጽበት ያየዋል፤ ዓይኑ ውስጥ የቀረውን ምስል ፈጥኖ በእጁ ይሥለዋል። ለዓመታት ያሳተማቸው ሥዕሎች እንደ ኮከብ የተስተካከሉ ነበሩ። በ1894 በፎቶግራፍ ሲያነሣው ግን ዘውዱ የተቆራረጠ፣ ጣቶቹም የተበላለጡ ሆነው አገኛቸው። የድሮ ንድፎቹን መለስ ብሎ ሲያይ ጠማማዎቹ እዚያም ነበሩ፤ እንደ አጋጣሚ ስሕተት ቆጥሮ ወደ ጎን ያደረጋቸው እሱ ራሱ ነው። ደግሞም አልደበቀም፤ ይህን በጽሑፍ አምኗል። በዚህ አከብረዋለሁ።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን ከ1930ዎቹ ጀምሮ የወተት ጠብታ ሲያሳድድ ኖሮ ዝነኛውን ቀይ ዳራ ያለውን ዘውድ በ1957 አነሣ። ልብ ብላችሁ ብታዩት እሱም ፍጹም ክብ አይደለም።

እኔም ወርዚንግተን ያደረገውን አደርግ ነበር። የተስተካከለውን አስቀርቼ የቀረውን ከካሜራው እሰርዝ ነበር። ባለፈው ክረምት የሰረዝኩትን መቁጠር ስጀምር ነው የደነገጥኩት፤ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራውን ነበር የምጥለው። በሰባተኛው ፎቶግራፍ ላይ ዘውዱ በአንድ ጎኑ የፈረሰው ከባድ መኪና በደጃፋችን ሲያልፍ ትሪው ስለተንቀጠቀጠ ነው። በዘጠነኛው ደግሞ የፊተኛዋ ጠብታ ሞገድ ገና አልረጋም ነበር። አሥራ አንደኛው ለምን እንደተጣመመ አላውቅም፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ቱቦውንና ትሪውን ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ቀረብ በሉ። የፊተኞቹ ብትቀመጡ ለኋለኞቹ ይታያል። ጠረጴዛውን ግን አትደገፉብኝ። በሩ አጠገብ የቆምክ ወንድሜ፣ እባክህ መብራቱን አጥፋልን።