መረቡን ማን ይገዛል?

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ገንዘብ ነው። ተጫዋቹ ደሞዝ ስለማያገኝበት፣ አሰልጣኙ ከሥራ ወጥቶ እየሮጠ ስለሚደርስበት፣ ማሊያው በየተራ ቤት እየተወሰደ ስለሚታጠብበት የሰፈር ክለብ ገንዘብ። እኔ እንደዚህ ባለ ክለብ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነኝ። በእጄ ያለው አንድ ደብተር፣ አንድ የደረሰኝ ጥራዝና የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ነው።

ነገሩ የጀመረው በመረብ ነው። የግባችን መረብ በጎን በኩል ተቀዶ ነበር። ቀዳዳው መጀመሪያ ቡጢ ያክል ነበር፣ በክር አሰርነው። ሰፋ፣ በገመድ አሰርነው። እያለ እያለ ኳስ የሚያሳልፍ ሆነ። አንድ ቀን በታዳጊዎች ጨዋታ ላይ አንዱ ልጃችን መትቶ አገባ። ኳሷ ገብታ በቀዳዳው ወጣች። ዳኛው ሩቅ ስለነበር በውጭ የሄደች መሰለውና የግብ ምት ሰጠ። ልጁ አልተጨቃጨቀም። ሄዶ ቀዳዳውን በሁለት እጁ ከፍቶ ያዘና ዳኛውን ዝም ብሎ አየው። ያ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

በዚያው ሳምንት ኮሚቴው ተሰበሰበና ለአንድ ትልቅ ድርጅት ደብዳቤ ጻፍን። ክለባችን ወጣቱን ከአልባሌ ቦታ ለማራቅ የሚሠራ መሆኑን ገልጸን፣ አስፈላጊው ድጋፍ እንዲደረግልን በትህትና ጠየቅን። ማህተም አደረግንበት። ሁለት ወር ጠበቅን። መልስ አልመጣም። በጣም ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ቀሪውን ቅጂ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። መረብ የሚል ቃል የለበትም! ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈን፣ ልጁን ያስከፋውን ቀዳዳ አንድም ቦታ አላነሳነውም። "አስፈላጊው ድጋፍ" ምን ማለት ነው? አንባቢው ምን ያህል፣ ለምን፣ እስከ መቼ እንደሆነ በምን ይወቅ?

ከዚያ በኋላ አካሄዳችንን ቀየርን። አንድ ትልቅ ወረቀት ወስደን የጎደለንን ዕቃ በየመስመሩ ጻፍን። መረብ 2። ኳስ 12። ኮን 30። የኳስ መንፊያ 1። የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ 1። ከየመስመሩ ፊት ለፊት የገዛው ሰው ስሙን የሚጽፍበት ክፍት ቦታ ተውን። ወረቀቱን ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ለጠፍነው።

አንድ የድሮ ተጫዋች አሉ፣ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ መስመር ዳር ቆመው የሚያዩ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ "መረቡ የየትኛው ግብ ነው?" አሉኝ። "የሁለቱም ነው ጋሼ" አልኳቸው። "እንግዲያው የወዲያኛውን እኔ ልግዛ፤ እዚያ ላይ ነው ያገባሁት" አሉ። መቼ፣ በማን ላይ እንዳገቡ አልጠየቅኳቸውም። እስክሪብቶ ሰጠኋቸው።

ሰው ለክለብ ሲሰጥ የሚሰጠው ለሚያየው ነገር ነው። ኳሷን ያያታል፣ መረቡን ያየዋል፣ "ያ የእኔ ነው" ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው፤ ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት ዕቃውን በስሙ ጥሩት።

ሁለተኛው ነገር ጉልበት ነው። በርሊን ውስጥ ኡኒዮን በርሊን የሚባል ክለብ አለ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በ2023 ሻምፒዮንስ ሊግ ገብቶ ተጫውቷል። በ2004 ግን ለውድድር ፈቃድ የሚጠየቀውን ገንዘብ አጥቶ ሊወድቅ ነበር። ደጋፊዎቹ ምን አደረጉ? ደም ሰጡ። እዚያ ደም የሚለግስ ሰው የተወሰነ ክፍያ ያገኛልና ያንን ገንዘብ ለክለባቸው አስገቡ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ስታዲየሙ መታደስ ነበረበት፣ ለሙሉ ሥራው ደግሞ ገንዘብ የለም። በ2008 እና በ2009 ከ2,000 በላይ ደጋፊዎች አካፋ ይዘው ወጡ። ሲሚንቶ አቦኩ፣ ብረት ተሸከሙ፣ መቆሚያ ደረጃውን ሠሩ። ወደ 140,000 የሚጠጋ የሥራ ሰዓት በነጻ ሰጡ። እስቲ አስቡት፣ ያ ሰው ልጁን ይዞ ጨዋታ ሲመጣ የቆመበትን ደረጃ በእጁ የሠራው ነው።

እኛም ይህን ከሰማን በኋላ ሌላ ወረቀት ለጠፍን። ይኼኛው የሙያ ነው። ብየዳ የሚችል፣ ስፌት የሚችል፣ መኪና ያለው፣ ሂሳብ የሚያውቅ፣ የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ። የግቡን ቋሚ በገንዘብ ልናስጠግን ነበር፤ የአንዱ ልጅ አባት በያጅ ሆነው ተገኙና በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ያልወጣ ገንዘብ እንደገባ ይቆጠራል። ይህንን ኮሚቴዎች ቶሎ አናየውም።

ወደ መዋጮ ልምጣ። የወር መዋጮ ትንሽ ስለሆነ የሚናቅ ነገር ነው፤ ክለብን የሚያቆመው ግን እሱ ነው። አንድ ለጋስ ሰው በዓመት አንዴ የሚሰጠው ሰውየው ሲቸግረው ይቆማል። ከ60 አባላት በየወሩ የሚገባ ትንሽ ነገር ግን አምስት ሰው ቢያቋርጥ እንኳ አይቆምም፣ ደግሞም የሚቀጥለው ወር ምን እንደሚገባ ስለምታውቁ ማቀድ ትችላላችሁ። ለሚከፍለው ሰው ደግሞ የሚይዘው ነገር ስጡት፤ ስሙ ያለበት መታወቂያ፣ በስብሰባ ላይ ድምፅ። አሜሪካ ውስጥ ግሪን ቤይ ፓከርስ የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ ከ1923 ጀምሮ የሕዝብ ነው። ከ500,000 በላይ ባለአክሲዮኖች አሉት። አክሲዮኑ ትርፍ አይከፈልበትም፣ ገበያ ወጥቶም አይሸጥም። ሰው ግን ይገዛዋል፣ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል።

ከሞከርናቸው ሁሉ ልቤ የገባው የዙር ሩጫ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ወረቀት ይዞ ወደ ዘመድ ወዳጅ ይሄድና ለሚሮጠው ለእያንዳንዱ ዙር ምን ያህል እንደሚሰጡት ቃል ያስገባል። በቀኑ መም ላይ ይሮጣል፣ ቆጣሪው ምልክት ያደርግለታል። መሙ 400 ሜትር ከሆነ 25 ዙር 10 ኪሎ ሜትር ነው። ለትንንሾቹ 5 ዙር ይበቃል፣ 2 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጣሪያ ስታበጁለት የሚሰጠውም ሰው ቢበዛ ስንት እንደሚያወጣ ከወዲሁ ያውቃል። ለዝግጅቱ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶና የመጠጥ ውሃ ነው። ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

አንዲት ግብ ጠባቂ አለችን፣ ሩጫ ነፍሷ አይወድም። አራተኛው ዙር ላይ ደከማትና መራመድ ጀመረች። ቃል የገቡላት አያቷ አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። "በርቺ" ብለው አልጮሁም። ቀስ ብለው ገቡና እጇን ይዘው አብረዋት ተራመዱ። አምስተኛውን ዙር ሁለቱም ጨረሱት። አያትየው ገንዘቡን ሲያስረክቡ የራሳቸውንም ዙር ጨምረው ከፈሉ።

የተሳሳትነው ገንዘቡን ስንሰበስብ ነው። "ወር ሲወጣ ይሰብሰብ" ብለን አቆየነው። ቃል የገባው ረሳ፣ ልጆቹም መጠየቅ አፈሩ፣ ብዙው ሳይገባ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ሩጫው ባለቀ በሳምንቱ ውስጥ ጨረስን። ሰው የልጁን ላብ ባየበት ሰሞን አይሰስትም።

ውድድር ማዘጋጀት ግን እንደሚመስለው አይደለም። ቡድኖች መመዝገቢያ ከፍለው ይመጣሉ፣ ሜዳው ይሞላል፣ ደስ ይላል። ከዚያ የዳኛ አበል፣ የሜዳ ኪራይ፣ ዋንጫ፣ ሜዳሊያ፣ የድምፅ ማጉያ ስትከፍሉ የሚተርፈው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። የእኛ እንደዚያ ሆነ። የባሰው ግን ወሬው ነው። ሜዳው ሞልቶ ያየ ሰው ክለቡ ገንዘብ ያፈሰ መሰለው። "ኮሚቴው በላው" ተባለ። ይህ ቃል እንዴት እንደሚያም በዚህ ሥራ ያለፈ ያውቀዋል። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

በአራተኛው ቀን ደብተሩን አወጣሁ። የገባውን በአንድ ረድፍ፣ የወጣውን በሌላ ረድፍ ጻፍኩ፣ የቀረውን ከታች አሰመርኩበት። ሊቀመንበሩና እኔ ፈረምንበት። የእያንዳንዱን ደረሰኝ ቅጂ ከጎኑ ደርድሬ ሁሉንም እዚያው በር ላይ ለጠፍኩት። ማንንም አልተሟገትኩም። ሰዎች እየመጡ ቆመው አነበቡ፣ አንዳንዱ በስልኩ ካልኩሌተር ደመረው፣ ደስ አለኝ። ሲያወሩ ከነበሩት አንዱ በወሩ መጥቶ አባል ልሁን አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ አንድ ገጽ ይለጠፋል፣ ምንም ባይገባ እንኳ። ገንዘብ ከባንክ የሚወጣውም በሁለት ሰው ፊርማ ነው። ይህን ሥርዓት ሳያቆሙ ገንዘብ ማሰባሰብ የሚጀምሩ ክለቦችን ሳይ እሰጋለሁ።

ቶምቦላ በብዙ አገር በሕግ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ስለሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ትኬቱ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው። ያልተሸጠው ዕጣው ከመውጣቱ በፊት በሰው ፊት ይሰረዝ። ልጆችን ትኬት አስይዞ መንገድ ላይ ማሰማራትን ግን እኔ አልቀበልም።

ስፖንሰርን በተመለከተ ከትልቁ ድርጅት አትጀምሩ። ልጁ እናንተ ጋ የሚጫወት ነጋዴ አለ፣ ከእሱ ጀምሩ። አንድ ገጽ ውል ጻፉ፤ ስሙ የት ላይ እንደሚወጣ፣ ለስንት ጊዜ፣ እናንተ ምን እንደምትሰጡት። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ የቡድኑን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱና አመስግኑት። ብዙ ክለብ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፣ በዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፤ የቁማር ድርጅት ስም በልጆች ማሊያ ላይ አታድርጉ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች እንኳ በ2023 ተስማምተው ከ2025/26 የውድድር ዘመን በኋላ የቁማር ድርጅቶችን ስም ከማሊያቸው ደረት ለማንሳት ወስነዋል። ያንን ያህል ገንዘብ የለመዱት ከተዉት፣ እኛ የ13 ዓመት ልጅ ደረት ላይ የምንለጥፍበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ብዙ የሰፈር ክለብ ስለማያውቀው ገንዘብ ልንገራችሁ። ይህ ለእግር ኳስ ነው። ፊፋ የአጋርነት ክፍያ የሚለው አለ። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአንድ አገር ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ በገንዘብ ሲዘዋወር፣ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው። አማተር ክለብም ይገባዋል። ግን ልጁ በዚያ ዕድሜው በክለቡ ስም ፌዴሬሽን ዘንድ ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ሜዳ ላይ ሲያሠለጥኑት መኖር ብቻውን አይበቃም፣ ቴሴራው፣ ማለትም የተጫዋችነት መታወቂያው ያስፈልጋል፣ ቀኑ ያስፈልጋል።

ይህን ሳውቅ የዕቃ ክፍሉን ከፍቼ የድሮ ምዝገባዎችን ፈለግኩ። ጣሪያው ያፈስ ነበርና የሰባት ዓመት ወረቀት በስብሶ እንደ ድንጋይ ተጣብቆ አገኘሁት። ገጾቹን ለመለየት ስሞክር በጣቶቼ መሃል ተፈረካከሱ። አንዱ ገጽ ላይ የአንድ ልጅ ፎቶ ግማሹ ቀርቷል፣ ስሙ ግን አይነበብም። ከዚያ ልጅ ማን እንደወጣ፣ የት እንደሚጫወት የምናውቅበት ወረቀት የለንም። ዛሬ የእያንዳንዱ ልጅ ምዝገባ ሁለት ቅጂ አለው፣ አንዱ ክለቡ ጋ፣ አንዱ ፎቶ ተነስቶ በስልክ። እናንተም ዛሬ ማታ የዕቃ ክፍላችሁን ክፈቱ፣ እባካችሁ።

መረቡስ? በጊዜው ሁለቱም ተገዝተው ተሰቀሉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ፀሐይና ዝናብ ተፈራረቀባቸው። የወዲያኛው አሁን አርጅቷል፣ ቋጠሮው መላላት ጀምሯል። ባለፈው እሁድ አዲስ ወረቀት ስለጥፍ ሙጫው ሳይደርቅ ጋሼ ከኋላዬ መጡ። መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም። "መረብ" ከሚለው ፊት ለፊት ስማቸውን ጻፉና እስክሪብቶውን መለሱልኝ። ቅዳሜ እንሰቅለዋለን። "መሰላሉን የምይዘው እኔ ነኝ" ብለዋል።