የእማዬ ካርቶን

እሷ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ መሀል ከተማ ነው። ለሰው ጤናም ለአካባቢም የሚስማማ መሀል አዲስ አበባ ምን ይመስላል? ዛፉን፣ ውሃውን፣ ትራንስፖርቱን፣ ሁሉንም እናነሳለን።

እሱ፦ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ? ባለፈው በ23 ከእማዬ ጋር አራዳ ጊዮርጊስ ሄድን። በእግር።

እሷ፦ ከአራት ኪሎ?

እሱ፦ ከአራት ኪሎ። ሐኪሙ ለስኳሯ በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ ብሏታል። እሷ ደግሞ ዝም ብሎ መዞር አይሆንላትም። «ምን ጠፍቶኝ ነው የምዞረው?» ትላለች። ጊዮርጊስን መሳለም ሲሆን ግን ማንም አያስቆማትም።

እሷ፦ ግማሽ ሰዓት በሳምንት አምስት ቀን 150 ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ቢያንስ ይህን ያህል ይላል።

እሱ፦ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት ነው፣ ደህና ወረድን። ከዚያ በኋላ ዳገቱ መጣ። ትንሽ እንደወጣን ቆመች። ቦርሳዋን ከፈተችና የታጠፈ ካርቶን አወጣች።

እሷ፦ ካርቶን?

እሱ፦ የብስኩት ካርቶን። ጠርዙን በፕላስተር አጥብቃዋለች። አንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ አነጠፈችና ቁጭ አለች። ድንጋዩ ይቀዘቅዛታላ! ለካ ሁሌም ይዛው ነው የምትወጣው። እኔ ልጇ አላውቅም ነበር።

እሷ፦ እኔን!

እሱ፦ ትንፋሿ ሳይመለስ ጥበቃው መጣ። «እማማ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም።» እሱም ታዝዞ ነው፣ አልፈርድበትም። ካርቶኗን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ነው እኔን ያበሸቀኝ።

እሷ፦ ግን እኮ መንገዱ ተሻሽሏል። የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ከ2016 ወዲህ ፒያሳና አራት ኪሎ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራትም ገብቷል። እኔ ማታ ከሥራ ስወጣ አሁን በእግሬ ነው የምሄደው። ድሮ በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ጉድጓድ? በፍጹም። ለሴት ልጅ መብራት ራሱ ጤና ነው።

እሱ፦ ልክ ነሽ፣ እሱን አልክድም። እማዬም «አሁን እግሬን አያደናቅፈኝም» ትላለች። እኔ የምለው፣ ዳገት ያለበት ከተማ ሰው የሚያርፍበት ይፈልጋል። መሀል ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። በየመቶ ሜትሩ መቀመጫ፣ መቀመጫው ላይ ጥላ። ዘንባባ ተክሎ ጥላ መጠበቅ ግን አይሆንም።

እሷ፦ ዘንባባው ምን አደረገህ? ያምራል።

እሱ፦ ያምራል፣ ግን ጥላው ስንት ሰው ይይዛል? ዋንዛ ስር አሥር ሰው ይቀመጣል። ወይራ አለ፣ ዝግባ አለ። የኛው አፈር የሚያውቃቸው ዛፎች ናቸው።

እሷ፦ ዋንዛ በአንድ ክረምት አያድግም። የተተከለው ሁሉ ገና ልጅ ነው፣ ጊዜ ስጠው።

እሱ፦ እሺ፣ ጊዜ ልስጠው። እማዬ ግን 71 ዓመቷ ነው።

እሷ፦ ... እሱማ አዎ።

እሱ፦ ደግሞ የፒያሳ በረንዳ ትዝ ይልሻል? አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ፎቁ ወጣ ብሎ መንገዱን ይሸፍናል። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም እዚያ ስር ነው፤ ጋዜጣ ሻጩ፣ ተማሪው፣ ሊስትሮው። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። ዳቦ ለመግዛት ታክሲ አትይዢም። ዘንድሮ «ዘላቂ ከተማ» የሚሉት ይኸው አይደለም እንዴ?

እሷ፦ ነው። ግን ቤቶቹ ብዙዎቹ አርጅተው ነበር። ለስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት፣ ያውም ፍሳሹ ወንዝ የሚገባ። ያንንም ጤና አንበለው።

እሱ፦ አላልኩም። ቤቱ ይታደስ፣ ሰውየው ግን እዚያው ይቅር ነው የምለው። የእማዬ ቡና ጠጪዎች ከፒያሳ ተነስተው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። በእግሯ የምትጠይቃቸው ሰዎች አሁን ሁለት ታክሲ ነው የሚፈጁት። ስለዚህ ትቀራለች። መራመዷም አብሮ ይቀራል።

እሷ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ግማሽ በግማሽ።

እሱ፦ ግማሹ ምንድነው?

እሷ፦ አንዳንዱ በአዲሱ ቤቱ ደስተኛ ነው። የራሱ ሽንት ቤት፣ የራሱ ውሃ። የኔ አክስት አሁን ተመለሺ ብትላት እሺ የምትል አይመስለኝም። ... ወንዙ እንዳይረሳ! ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ መሀል ከተማውን አቋርጦ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል። እኛ የጣልነውን ታች ያለው ገበሬ ነው የሚያገኘው። ሁሉን በኮንክሪት ካለበስነው ደግሞ የክረምቱ ዝናብ መሬት መስረጊያ ያጣና ጎርፍ ይሆናል። አፈር ክፍት ይቆይ፣ ሣር ይኑር። ዛፉም ከሥሩ እስትንፋስ ይፈልጋል።

እሱ፦ ዛፉ ስር ደግሞ መቀመጫ።

እሷ፦ ተመለሰ ወደ መቀመጫው!

እሱ፦ መደገፊያ ያለው። ትልቅ ሰው ያለ መደገፊያ ሲነሳ ጉልበቱን ያመዋል። አጠገቡ ደግሞ ንጹሕ ሽንት ቤት። የስኳር ሕመምተኛ ቶሎ ቶሎ ሽንት ይመጣበታል። እማዬ በ23 ጠዋት ውሃ አትጠጣም፤ መንገድ ላይ እንዳታፍር ብላ ነው። ለጤናዋ የምትራመድ ሴት ውሃ ትጠማለች!

እሷ፦ ይሄንን አላሰብኩትም። እውነቴን ነው፣ አንድም ቀን አላሰብኩትም። ... ከዚያስ? ጊዮርጊስ ደረሳችሁ?

እሱ፦ ደረስን። ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ተቀመጠች። ካርቶኑን ግማሹን ለኔ አነጠፈችልኝ።

እሷ፦ በሚቀጥለው 23 እኔም ልምጣ?

እሱ፦ ነይ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ እንገናኝ።