ዩ የማይከተላቸው የኪው ቃላት፦ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላትና ትርጉማቸው

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ተራው የኪው ነው። አዎ፣ የኪው። ኩዊን፣ ኩዊክ የሚሉትን አላነሳም፤ እነሱን ታውቋቸዋላችሁ። የዛሬዎቹ በኪው ጀምረው ዩን የማያስከትሉት ናቸው። አጫጭሮቹ። ስክራብልን፣ ማለትም ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ከከረጢት እያወጡ በሰሌዳ ላይ ቃል የሚሠሩበትን የነጥብ ጨዋታ፣ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ወርቅ ናቸው።

የስክራብልን ሕግ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ኪው በከረጢቱ ውስጥ አንድ ብቻ ናት፣ ዋጋዋ 10 ነጥብ። ዩ አራት አሉ። አራቱም አልቀው ኪው እጃችሁ ላይ ብትቀርስ?

እኔ ኪውን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ጋሻ ጃግሬ ያለው ደጃዝማች ነው። ደጃዝማቹ ከቤት ሲወጣ ጋሻ ጃግሬው ከኋላው ነው። ችሎት ሲቀመጥ፣ ከኋላው። አደን ሲወርድ፣ ከኋላው። ጋሻውን የሚይዝለት፣ ጦሩን የሚያቀብለው እሱ ነው። ሰው ደጃዝማቹን ብቻውን አይቶት ስለማያውቅ፣ ቀስ በቀስ ሁለቱን እንደ አንድ ሰው መቁጠር ይጀምራል። ኪውና ዩም በእንግሊዝኛ ቤት እንዲሁ ናቸው። ግን እኮ ደጃዝማቹ ከጋሻ ጃግሬው ጋር አልተወለደም! እናቱ ቤት ሲሄድ ብቻውን ይገባል፣ ብቻውን ይወጣል። የኪው እናት ቤት ደግሞ የሴም ቋንቋዎች ናቸው። እዚያ አጃቢ የሚባል ነገር የለም።

ይህን ያዙና ወደ ቃላቱ። ፈጠን እላለሁ፤ አጻጻፋቸው ስክሪኑ ላይ አለ።

ኪው-ኤ-ቲ፦ ጫት። ከዐረብኛ የመጣ ነው። ኪው-ኤ-ዲ-አይ፦ ቃዲ፣ የሸሪዓ ዳኛ። ኪው-ኤ-አይ-ዲ፦ በሰሜን አፍሪካ የአካባቢ ሹም። ኪው-ኦ-ፒ-ኤች፦ የዕብራይስጥ 19ኛ ፊደል፣ የኛው የቀ ዘመድ። ኪው-ኤ-ኤን-ኤ-ቲ፦ ከተራራ ግርጌ ውኃን በተዳፋት ወደ ሜዳ የሚያወርድ የመሬት ውስጥ ቦይ፤ የኢራኖቹን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። እና ንጉሡ፣ ኪው-አይ። ሁለት ፊደል ብቻ! በቻይናውያን አስተሳሰብ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር የሕይወት ኃይል ነው፤ ሲነበብ «ቺ»። በሰሜን አሜሪካ የስክራብል ውድድር መዝገበ ቃላት የገባው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ኪው-አይን አንዴ በቅርበት እንየው። ኪውን የፊደል ዋጋ በሦስት የሚባዛበት ቤት ላይ አስቀምጧት። በስተቀኟ አይ፣ ከሥሯም አይ አለ እንበል። የኪው 10 በሦስት ተባዝቶ 30፣ የአይ 1 ሲጨመር ወደ ጎን 31፣ ወደ ታችም 31። በአንዲት ጠጠር 62 ነጥብ!

አሁን ወደ አስተያየቶቻችሁ። «ከኪው በኋላ ዩ ከሌለ ስህተት ነው፣ የእንግሊዝኛ ሕግ ነው» የምትሉኝ በጣም ብዙ ናችሁ። እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ይህ ነገር ብዙ ተማሪ ያሳስታል። ሕጉ ራሱ በመጤ ልማድ የቆመ ነው! የጥንት እንግሊዞች ዛሬ ኩዊን የምንለውን ቃል በኪው አልጻፉትም፤ የሚጀምሩት በሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ፣ ከዚያ በኋላ የፈረንሳይኛው አጻጻፍ ገባ። ኪውና ዩ አብረው የሚሄዱት በዚያ ልማድ ነው፤ ፈረንሳይኛም ከላቲን ወርሶት ነው። ድምፁ እኛ በአንድ ፊደል «ኵ» ብለን የምንጽፈው ነው። ስለዚህ «ኵ» የሚል ድምፅ ከሌለ ዩ ምን ሊሠራ ይገባል? በጫትና በቃዲ ውስጥ ኪው የቆመችው ለዐረብኛው ቃፍ ነው፣ ማለትም ለ«ቀ»። በቻይንኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 የጸደቀው ፒንዪን የተባለው የላቲን አጻጻፍ ለ«ች» ቅርብ ለሆነ ድምፅ መደባት። አበቃ፣ ስህተት የለም።

ደግሞ አንድ የምወደው ነገር፦ ኪውና የኛ ቀ ከአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ፊደል የወረዱ ናቸው። ትንሿን ኪውና «ቀ»ን ጎን ለጎን ጻፉና እዩ። ክብና ዘንግ! ይህን ሳይ ሁሌም ደስ ይለኛል።

በበኩሌ ዝርዝር መሸምደድን አልመክርም። ቃሉ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ፤ ዐረብኛ ከሆነ ኪውን በቀ ቦታ አስቡት፣ ትርጉሙ ራሱ ይመጣላችኋል። ኤስ-ዩ-ኪውን ሞክሩ፤ እዚህ ዩ አለ፣ ግን ከፊት ነው። ሱቅ! በእንግሊዝኛው የዐረብ ገበያ ማለት ነው። ስታነቡት ግን እንግሊዝኛ ቀ ስለሌለው «ሱክ» በሉት፤ የጫቱም «ካት» ነው።

ከዚህ መንገድ የሚወጣ አንድ ቃል አለ፤ ክወርቲ። ከየትም አገር አልመጣም፤ በእንግሊዝኛው ኪቦርድ የላይኛው ረድፍ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደላት ናቸው። ኪው፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ፣ ዋይ። ጣታችሁ ሥር ነው፣ ተመልከቱት።

ቀጣዩ ቪዲዮ የኤክስ ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ በኤክስ የሚጀምር የምታውቁት አጭር ቃል ካለ ከታች ጻፉልኝ፣ ትርጉሙን አብረን እናየዋለን።