አንድ ዘፈን፣ ለአንድ ሰው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ኢንዲ ሮክ ነው፣ ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጪ ስለሚሠራው ሮክ። ብዙ ሰው ስለማያውቃቸው ባንዶች፣ ከዚያም በላይ እነሱን ለሌላ ሰው ስለማሰማት።

ሰሞኑን ከጆሮዬ አልወጣ ያሉት የዱኒደን ልጆች ናቸው። ዱኒደን ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ወደ ደቡብ ጥግ ያለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። በ1981 (ዘመኑን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) ሮጀር ሼፐርድ የሚባል የሙዚቃ ሱቅ ሠራተኛ ክራይስትቸርች ላይ ፍላይንግ ነን የተባለ ትንሽ የሙዚቃ አሳታሚ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ዘ ክሊን የተባለው የዱኒደን ባንድ «ታሊ ሆ»ን በ50 ዶላር ገደማ ቀረጸ። ዘፈኑ የአገሪቱ ሰንጠረዥ ላይ 19ኛ ሆነ። በቃ፣ በር ተከፈተ።

እኔ ግን ልቤ ያለው ዘ ቺልስ የተባለው ሌላው የዱኒደን ባንድ ጋ ነው።

«ፒንክ ፍሮስት» የሚለውን ዘፈናቸውን የላከልኝ ጓደኛዬ ነው። ከሊንኩ ጋር አጭር የድምፅ መልእክት አለ፤ «መግቢያውን እንዳትዘል፣ ሲገለበጥ ስማው» ይላል። እውነትም ይገለበጣል። መጀመሪያ ፈካ ያለ፣ ፈጠን ያለ ጊታር ነው። የደስታ ዘፈን ሊሆን ነው ብላችሁ ስትመቻቹ ቤዝ ጊታሩ ይገባና ሁሉም ይጨልማል። ድምፃዊው አይጮህም። ፍቅረኛውን በሞት ስለማጣት ነው የሚዘፍነው፤ ድንጋጤውን ግን ዋጥ አድርጎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ነው።

ከጀርባው ያለው ታሪክ ደግሞ ይብሳል። የባንዱ መሪ ማርቲን ፊሊፕስ ነው፣ ድራም መቺው ደግሞ ማርቲን ቡል። ስማቸው አንድ ስለሆነ በአባታቸው ልጥራቸው። ቡል በ1983 በደም ካንሰር ሞተ። ዘፈኑ በነጠላ የወጣው በ1984፣ እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ቡል የቆዳ ጃኬቱን ለፊሊፕስ ትቶለት ነበር። ፊሊፕስም በ1986 ስለዚያው ጃኬት ሌላ ዘፈን አወጣ። ሐዘን ነው ብላችሁ ስትጠብቁ ጊታሩ እየጋለበ ይመጣል። የጓደኛን ልብስ ለብሶ መኖርን እንዲህ ያዜመ ሌላ ሰው አላውቅም።

ታናሽ እህቴ ሮክ አትወድም። «ጩኸት ነው» ባይ ናት። ለእሷ መጀመሪያ የነገርኳት የጃኬቱን ታሪክ ነው፣ ዘፈኑን ከዚያ በኋላ አሰማኋት። ዝም ብላ ሰማችና «ድገመው» አለችኝ። ሃምሳ ዘፈን ያለበት ዝርዝር ልኬላት ቢሆን አንዱንም አትከፍትም ነበር።

ለዚህ ነው ዝርዝር መላክን የማልወደው። አፕሊኬሽኖቹ የሚያቀርቡልን ከለመድነው ጋር የሚመሳሰለውን ነው። እህቴን ዱኒደን ድረስ የሚወስዳት አልጎሪዝም የለም። እሷን የሚያውቃት፣ ምን እንደሚነካት የገባው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ፊሊፕስ በ2024 ሐምሌ ላይ በ61 ዓመቱ አረፈ። ዘፈኖቹን ዛሬም ማግኘት ቀላል ነው። በ«ፒንክ ፍሮስት» ጀምሩ፣ የጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ በእሱ ስሙት። ከያዛችሁ ወደ ጃኬቱ ዘፈን እለፉ፣ ከዚያ «ሰብማሪን ቤልስ» የሚለውን የ1990 አልበም ሙሉውን ስሙ። እናንተም ላኩልኝ፤ አንድ ብቻ፣ የቱ ጋ ልብ ብዬ መስማት እንዳለብኝ ጨምራችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የላካችሁትን ይዤ እመጣለሁ።