የተቆለፈ ላፕቶፕ፣ የረዘመ የፋይል ስም

(ስክሪን፦ ጥቁር ተርሚናል፣ የመጨረሻው መስመር ቀይ)

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ ነው። ይቺን ቀይ መስመር እዩአት። «ፋይል ኔም ቱ ሎንግ» ትላለች። የፋይሉ ስም ረዝሟል ማለት ነው።

እኔን የገጠመችኝ አፓቺ ስፓርክ የሚባለውን ብዙ ዳታ የሚያቀነባብር ፕሮግራም ከሶርስ ኮዱ ቢልድ ሳደርግ፣ ማለትም ከተጻፈው ኮድ የሚሠራውን ፕሮግራም ሳወጣ ነው። ላይብረሪዎቹን ለማውረድ የሞባይል ዳታ ፓኬጅ ገዛሁ። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ እንደገና ጀመርኩ። ሊያልቅ ሲል ይቺ መስመር ብቅ አለች። ኮዱን አንድ ፊደል እንኳ አልነካሁትም! እዚሁ ሰፈር ያለ ጓደኛዬ ያንኑ ኮድ በራሱ ላፕቶፕ ሞከረው። ምንም ሳይል አለፈለት። የሁለታችንም ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ነው። ልዩነታችን አንድ ነው፤ የእኔ ሆም ፎልደር፣ የግል ፋይሎቼ ያሉበት፣ ኢንክሪፕት የተደረገ ነው፤ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ተቆልፏል።

ለምን ኢንክሪፕት አደረግከው ትሉኝ ይሆናል። ሥራ የምመላለሰው በታክሲ ነው። ጠዋት ያለውን ግፊያ ታውቁታላችሁ። ላፕቶፔ ቢሰረቅ የሚያንገበግበኝ ዕቃው ብቻ አይደለም፣ ውስጡ ያለው የደንበኞቼ ሥራ ነው። ስለዚህ ችግሩ ሲመጣ «ኢንክሪፕሽኑን አጥፋውና ተገላገል» ያሉኝን አልሰማኋቸውም። እናንተም አትስሙ። ሌላ መፍትሔ አለው።

መጀመሪያ ግን ምክንያቱን እንየው።

(ስክሪን፦ 255 የሚል ቁጥር)

ሊኑክስ ላይ በብዛት የምንጠቀመው ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚቀመጡበት ሥርዓት፣ ኤክስት4 ይባላል፤ ለአንድ ፋይል ስም 255 ባይት ይፈቅዳል። የድሮው የኡቡንቱ የሆም ኢንክሪፕሽን ደግሞ ኢክሪፕት ኤፍኤስ በሚባል ሲስተም ነው የሚሠራው። እሱ የፋይሉን ይዘት ብቻ ሳይሆን ስሙንም ይቆልፋል። ጥሩ ያደርጋል፤ የፋይል ስም ራሱ ብዙ ምስጢር ያወጣል።

ችግሩ፣ ስም ሲቆለፍ ይረዝማል። ኢክሪፕት ኤፍኤስ እያንዳንዱ የተቆለፈ ስም ፊት 24 ሆሄ ያለው የራሱን መለያ ይለጥፋል። ከ255 ላይ 24 ሲነሳ 231 ይቀራል። የተቆለፈው ስም ደግሞ እንዳለ አይጻፍም፤ ለፋይል ስም ወደሚሆኑ ፊደላት መቀየር አለበት። በዚህ ቅየራ 3 ባይት የነበረው 4 ይሆናል። ስለዚህ 231ዱ ቦታ የሚይዘው 173 ባይት ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ የቁልፉ መለያ፣ ከስሙ በፊት የሚገቡ የዘፈቀደ ባይቶችና ስሙ በ16 በ16 ባይት መቆረጡ የየራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ለእናንተ የሚተርፈው 143 ባይት ነው።

255 ያለ መስሏችሁ 143 ላይ ትጋጫላችሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

እሺ፣ 143 ፊደል ያለው ስም ማን ይሰጣል? ሰው አይሰጥም። ኮምፓይለር፣ የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው የሚቀይረው ፕሮግራም፣ ግን ይሰጣል። ስፓርክ በብዛት የተጻፈው በስካላ ቋንቋ ነው። የስካላ ኮምፓይለር ክላስ ውስጥ ክላስ፣ ፈንክሽን ውስጥ ፈንክሽን ሲያገኝ የሁሉንም ስም እየቀጠለ አንድ የክላስ ፋይል ስም ያወጣል። ልጅን በስሙ፣ በአባቱ፣ በአያቱ፣ በቅድመ አያቱ እያሉ እንደ መጥራት ነው። በተለይ የስካላ 2.11 እትም ስም ለሌላቸው ፈንክሽኖች ሁሉ የየራሳቸውን ፋይል ይፈጥር ነበር። 2.12 ይህን በጣም ቀንሶታል።

ወደ መፍትሔው እንምጣ። የስፓርክ መመሪያ ራሱ ይህን ችግር ያውቀዋል። ስካላ 2.11 እና 2.12 ላይ «ኤክስ ማክስ ክላስፋይል ኔም» የሚባል የኮምፓይለር ትእዛዝ አለ። ቢልዱን በሜቨን የምታደርጉ ከሆነ የስካላው ፕለጊን ያለበት ቦታ ላይ ትጨምሩታላችሁ፤ ቁጥሩን 128 አድርጉት።

(ስክሪን፦ ትእዛዙ የገባበት መስመር ጎልቶ ይታያል)

ከዚያ በኋላ ኮምፓይለሩ የረዘመውን ስም መሃሉን ቆርጦ በአጭር መለያ ይተካዋል። የድሮውን የቢልድ ውጤት ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ከዜሮ ጀምሩ። እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያለፈልኝ።

ኮምፓይለሩን መንካት ካልፈለጋችሁ የቢልድ ፎልደሩን ከሆም ውጭ፣ ኢንክሪፕት ያልሆነ ቦታ ላይ አድርጉት። እንደ ስፓርክ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ምንም አይደለም። የደንበኛ ኮድ ከሆነ ግን አላደርገውም፤ የቆለፍነውን ዕቃ በር ላይ እንደ መተው ነው።

ላፕቶፑን እንደ አዲስ የምትጭኑ ከሆነ ዲስኩን በሙሉ በሉክስ ቆልፉት። ሉክስ የሚቆልፈው ከፋይል ሲስተሙ በታች፣ ዲስኩን ነው። ስለ ፋይል ስም አያውቅም፣ 255ቱም እንዳለ ይቆያል። ኡቡንቱም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 18.04 ላይ የሆም ኢንክሪፕሽን ምርጫውን ከመጫኛው አውጥቶ ሰዉን ወደዚህኛው መርቷል።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል፣ በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች። ገደቡ የሚቆጠረው በባይት ነው፣ በፊደል አይደለም። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ይይዛል። የእድራችንን ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ነኝ። አንዱን ፋይል እንዲህ ብዬ ልሰይመው ስል እምቢ አለኝ፦

«የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ከሂሳብ ሪፖርትና ከአዲስ አባላት ስም ዝርዝር ጋር የተያያዘ»

ቁጠሩት። ክፍት ቦታውን ሳንጨምር 48 ፊደል ነው። ሲባዛ በ3፣ 144። በአንድ ባይት አለፈ! ክፍት ቦታዎቹ ደግሞ ገና አልተቆጠሩም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ባይት ናቸው። የሂሳብ ሪፖርቱን ወደ ሌላ ፋይል አውጥቼ ስሙን አሳጠርኩት።

የእናንተ ላፕቶፕ በየትኛው በኩል እንዳለ ለማወቅም ይኸው ቁጥር ይበቃል። ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ገብታችሁ «ሀ»ን 47 ጊዜ ደጋግማችሁ በዚያ ስም ባዶ ፋይል ፍጠሩ። ያልፋል። አንድ «ሀ» ጨምሩ። ካለፈ ገደቡ እናንተ ጋ የለም። እምቢ ካለ፣ ያቺን ቀይ መስመር አግኝታችኋታል።